በክፉ ቀን ወደ አባባ ተስፋዬ

በ2016 ዓ.ም. ለለቅሶ ሐሙሲት ሄጄ ነበር። ለማያውቋት፣ ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብላ የምትገኝ የደራ ወረዳ ከተማ ናት። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ሚኒባሶች ሰው አራግፈው፣ ሰው ጭነው ወደ ወረታ ይቀጥላሉ። ስሟ እንደሚናገረው የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። እኔ በሄድኩበት ሰሞን ግን መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋ ነበር። የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠም ወራት አልፈዋል። ለቅሶ የመጣ ሰው እንደወትሮው በሦስተኛው ቀን ተነስቶ መሄድ ስላልቻለ፣ የሐዘን ቤቱ ሰው ሳይወድ በግድ ጎረቤት ሆኖ ሰነበተ።

ኢንተርኔት በሌለበት አገር ኢንተርኔቱ ማን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያና ቁጥሩ የማይታወቅ ሚሞሪ ካርድ ይዞ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ወጣት ነው። ዘፈን ይጭናል፣ ፊልም ይጭናል፣ ስብከት ይጭናል። ዩቲዩብ ከመዘጋቱ በፊት ያወረደውን ሁሉ አስቀምጦታል። ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ገብቼ ሳለ አንድ ጎልማሳ መጣ። ልጁ “ቲቸር” እያለ ሲያስተናግደው ሥራውን ገባኝ፤ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆይቷል። መምህሩ የአባባ ተስፋዬ ተረቶች እንዳሉት ጠየቀው። ልጁ ለልጆችህ ነው ወይ አለው። መምህሩ ትንሽ አመነታና ለራሱ እንደሆነ ነገረው። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ያዳምጠዋል።

ሳቅን። እሱም ሳቀ። በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም።

ምክንያቱም አዲስ አበባም ያው ነው። በቢሮ፣ በካፌ፣ በሰርግ ቤት ዙሪያዬን ስመለከት፣ አርባውን የተሻገረ የተማረ ሰው ዜና መስማት ሲሰለቸው ስልኩን ከፍቶ የሚሄደው ወደ ልጅነቱ ነው። አንዱ የድሮ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ፣ አንዱ የእሑድ መዝናኛ ቁርጥራጭ፣ ሌላው የኪነት ቡድን ዘፈን ይልክልዎታል። ዋሽንግተን ያለው ጓደኛዎ ደግሞ፣ አማርኛ በቅጡ የማይሰሙ ልጆቹን ሰብስቦ አባባ ተስፋዬን ያሳያቸዋል፤ ልጆቹ ተነስተው ሲሄዱ እሱ ብቻውን አይቶ ይጨርሳል። ይህን “የናፍቆት በሽታ” ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ቃሉም ከሕክምና ነው የመጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1688 ባዝል ውስጥ ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ሐኪም በመመረቂያ ጽሑፉ “ኖስታልጂያ” የሚለውን ስም ሲያወጣ፣ አገራቸውን በመናፈቅ የሚታመሙ ስዊዛውያንን ሁኔታ እንደ ደዌ ቆጥሮ ነበር። (እኛ ይህንኑ ስሜት ትዝታ ብለን ከአራቱ ቅኝቶቻችን የአንዱን ስም አደረግነው። ማን የተሻለ እንደተረዳው አንባቢ ይፍረድ።)

የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች ከሆፈር ይልቅ ወደ እኛ የተጠጉ ይመስላሉ። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ቲም ዊልድሹትና ኮንስታንቲን ሴዲኪደስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ወደ ትዝታው የሚሄደው በአብዛኛው ሲከፋውና ብቸኝነት ሲሰማው መሆኑን፣ ከትዝታው ሲመለስም ከሰው ጋር ያለው ቁርኝት ጠንክሮ እንደሚሰማው አሳይተዋል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜም በአውሮፓ አገሮች የሙዚቃ አድማጮችን የተከታተለ ጥናት፣ ሰዎች ቤት በተዘጋባቸው ወቅት ወደ ቆዩ ዘፈኖች ማዘንበላቸውን አመልክቷል። በመስከረም 11ዱ ጥቃት ማግሥት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ፕሮግራም አዘጋጁ ፍሬድ ሮጀርስ፣ ፕሮግራማቸውን ዘግተው ዕረፍት ከወጡ በኋላ ተመልሰው አጫጭር መልእክቶችን እንዲቀርጹ ተጠይቀዋል። ሰውዬው ሲያናግሯቸው ከነበሩት መካከል በፊታቸው ያደጉ፣ አሁን ወላጅ የሆኑ ጎልማሶች ይገኙበታል።

እንግዲህ የሐሙሲቱ መምህር ብቻውን አይደለም። ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ የሚናፍቀው ምኑን ነው? ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ ዝግጁ ነው። “ያ ደጉ ዘመን” እንላለን። እስቲ ዘመኑን እንቁጠረው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። አባባ ተስፋዬ (ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ) የልጆችን ጊዜ ይዘው ብቅ ያሉትም ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ቆይተዋል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የሆነውን ያስቡት። በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ያው ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብተኞች ፊልም ለሕዝብ ያሳየ ሲሆን፣ በነጋታው ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሆነ፤ የሰው ልጅ ሬሳ በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ውሎ ያደረበት ጊዜ ነው። 1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ። ከዚያም በሰሜን የማያባራ ጦርነት፣ አፈሳ፣ በመጨረሻም 1983። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ልጆች ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የጅብና የዝንጀሮን ተረት ያዳምጡ ነበር። አባታቸው በታሰረበት፣ ወንድማቸው በዘመተበት፣ ጎረቤታቸው በጠፋበት ሳምንት ጭምር።

ስለዚህ የሚናፈቀው ደግ ዘመን አልነበረም። ክፉ ዘመን ውስጥ የነበረ አንድ ደግ ሰው ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም። ዘመኑ ነው የናፈቀኝ የሚል ሰው ዘመኑን መልሱልኝ ይላል፤ ፖለቲከኛም ይህን ያውቃል። ሩሲያ ተወልዳ አሜሪካ የኖረችው ሰቬትላና ቦይም እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው መጽሐፍ ናፍቆትን በሁለት ከፍላው ነበር። አንደኛው የፈረሰውን ቤት እንደነበረ ልገንባ የሚል ነው፤ ይህኛው ሰንደቅ ያውለበልባል፣ ጠላት ይፈልጋል። ሁለተኛው ቤቱ እንደማይመለስ አውቆ ናፍቆቱን ራሱን የሚያዳምጥ ነው። በኢትዮጵያ ፖለቲካ ውስጥ ላለፉት ዓመታት ሁሉም ወገን የየራሱን ወርቃማ ዘመን ከፍ አድርጎ ሲያሳየን ከርሟል፤ አንዱ የንጉሡን፣ ሌላው የአብዮቱን፣ ሌላው ከዚያ ሁሉ በፊት የነበረውን። ሁሉም የመጀመሪያው ዓይነት ናፍቆት ነው። ሚሞሪ ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ የሄደው መምህር የሁለተኛው ወገን ይመስለኛል። ማንንም ከማንም ሊያስመልስ አይፈልግም፤ መተኛት ነው የሚፈልገው።

ደግሞስ አባባ ተስፋዬ ራሳቸው ከየት የመጡ ሰው ናቸው? የተወለዱት በ1915 ዓ.ም. ባሌ ነው። ጣልያን አገሪቱን ሲወር ገና ልጅ ነበሩ ማለት ነው። በሀገር ፍቅርና በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ፣ ሴት ተዋናይ በጠፋበት በዚያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ሳይቀር ተውነዋል። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲዘምትም ወታደሮቹን ለማዝናናት ከተጓዙት የመድረክ ሰዎች አንዱ ነበሩ። እዚህ ላይ ቆም ልበል። ልጅነቱን ጦርነት የወሰደበት፣ ወጣትነቱን በሰው አገር ጦርነት ወታደር ሲያጫውት ያሳለፈ ሰው፣ ካሜራ ፊት ተቀምጦ ልጅን በክብር ሲያናግር ድምፁ ውስጥ የሚሰማ አንድ ነገር አለ። አባባ ተስፋዬ ዓለም ደህና ናት ብለው ልጆችን አላታለሉም። ተረቶቻቸው ውስጥ ተንኮለኛ አለ፣ ስስታም አለ፣ የሚበላ ጅብ አለ። ብቻ ጅቡ ከመምጣቱ በፊት አንድ ትልቅ ሰው አብሮዎት ተቀምጧል። የሐሙሲቱ ጎልማሳ በሌሊት የሚፈልገው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ጅቡ የለም የሚለውን ሳይሆን፣ አብሮት የሚቀመጠውን።

የፕሮግራሙ ፍጻሜ ግን አያምርም። እ.ኤ.አ. በ2006 በስርጭቱ ላይ ከተነገረ አንድ ተረት ጋር በተያያዘ ከጣቢያው እንዲሰናበቱ ተደረገ። ሦስት መንግሥት ያለፈ ሰው በተረት ወደቀ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ አገር ሙሉ አለቀሰ፤ ያሰናበቷቸውም ያለቀሱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሐሙሲት ልመለስ፤ እስካሁን ያልኩት ሁሉ የከተሜ ወሬ ነውና።

በኔ የልጅነት ዘመን ሐሙሲት ውስጥ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አላየሁም። አባባ ተስፋዬን ያየሁት ባሕር ዳር አክስቴ ዘንድ ለክረምት ስሄድ፣ በጎረቤት ሳሎን በር ላይ ቆሜ ነው፤ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ልጅ ፈቃድ ካልሰጠ ደፍ አይታለፍም። የእኛ የደራ ልጆች መዝናኛ ሌላ ነበር። ሰኞ ማክሰኞ፣ ድብብቆሽ፣ ገበጣ፤ በቡሄ ሰሞን ጅራፍና ሆያ ሆዬ፤ ማታ ደግሞ እሳት ዳር የአያት ተረትና እንቆቅልሽ። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ሬድዮም ነበር። ስለዚህ “የጋራ የልጅነት ትዝታችን” እያልን የምንጽፍ ሰዎች ትንሽ እንጠንቀቅ። መብራት የነበረው ልጅና ኩራዝ የነበረው ልጅ ትዝታቸው አንድ አይደለም። እኔ እንኳ ከሁለቱም ስለቀመስኩ ነው እንዲህ ለማለት የምደፍረው።

ግን በለቅሶ ቤቱ በሁለተኛው ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ። መብራት ጠፍቷል። ከሩቅ ተኩስ ይሰማል፤ ልጆች ፈርተው ወደ እናቶቻቸው ተጠግተዋል፤ ትልልቆቹም ፈርተዋል፣ ግን ትልቅ ስለሆኑ ስለ ሽምብራ ዋጋ ያወራሉ። ከማዕዘኑ አንዲት አሮጊት “እንቆቅልሽ” አሉ። ማንም ስላልመለሰ ደገሙት። “ምን አውቅልሽ” አለ አንድ ሕፃን። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ሐዘንተኛው ቤት ጨዋታ ቤት ሆነ። ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ጥያቄ ሲሳናቸው እንደ ልጅ ይከራከራሉ፣ አልሰማሁም ብለው ያስደግማሉ። መልሱ የጠፋበት እንደ ደንቡ “አገር ስጠኝ” ይባላል፤ እሱም ጎንደርን፣ ደሴን፣ አስመራን ይሰጣል። አሮጊቷ በዚያች ሌሊት አንዲት ጠብታ ደም ሳይፈስ ግማሽ ኢትዮጵያን ወሰዱ። አገር በነጻ የሚሰጥበት ብቸኛው ጨዋታ ይህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ለጎኔ ሰው ሳንሾካሹክ፣ ሰውዬው አስመራን የሰጠው ሰው ሥልጣን እንደሌለው በቁም ነገር መለሰልኝ።

ተኩሱ መቼ እንደቆመ አላስታውስም።

መምህሩና አሮጊቷ ያደረጉት አንድ ነገር ነው። አንዱ በፋይል፣ ሌላዋ በቃል። ሁለቱም ግን ከራሳቸው ልጅነት የቀዱት ነገር ነበራቸው። ይህ ጽሑፍ የሚያስጨንቀውን ነገር የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ሚሞሪ የሚጭነው ወጣት ዕድሜው ከ20 ብዙም አላለፈም። አንተስ ከልጅነትህ ምን ታያለህ አልኩት። አስቦ አስቦ፣ የህንድ ፊልም ትዝ ይለኛል አለ፤ ቪዲዮ ቤት በአንድ ብር ገብቶ ያየው። ከዚያ በኋላ ያው ስልክ። ከእሱ ታናሽ የሆኑትስ?

በዚህ በኩል ምንም አልተሠራም ማለት ሐሰት ይሆናል። አባባ ተስፋዬ በተሰናበቱበት ጊዜ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ የቀድሞ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ “ፀሐይ መማር ትወዳለች” የተባለውን የአሻንጉሊት ፕሮግራም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጀመሩ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፀሐይ የተባለች ቀጭኔ ናት። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል። ያኔ ያዩት ሕፃናት ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ላይ ናቸው፤ አንዳንዱ ተምሮ ወጥቷል፣ አንዳንዱ ጠመንጃ ይዟል፣ አንዳንዱ ከዚህ ሁሉ ሸሽቶ ባሕር ተሻግሯል። ቀጭኔዋን የሚናፍቁበት ቀን እየመጣ ነው፤ ምናልባትም መጥቷል። ነገር ግን አንድ ቻናል ብቻ በነበረበት ጊዜ የሰሜኑም የደቡቡም ልጅ በአንድ ሰዓት አንድን ሰው ያይ ነበር። ዛሬ ቻናሉ ብዙ ነው፣ ሳህኑም በየጣሪያው አለ፤ ልጁ ግን ለየብቻው፣ በማያውቀው ቋንቋ የሚጮህ ካርቱን ፊት ተደፍቷል። ለትልቅ የተሠራ የቱርክ ድራማም አብሮ ያያል።

ይህ እንግዲህ መብራትና ኔትወርክ ላለው ልጅ ነው። በአማራ ክልል ግጭቱ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ከተቀሰቀሰ ወዲህ ሺዎች ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል ወይም ተጎድተዋል፤ በ2017 የትምህርት ዘመን ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደነበሩ ተነግሯል። ስለዚህ ቁጥር ስንጽፍ የምናነሳው ስለ ፈተና፣ ስለ ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው። ትክክል ነው፤ ግን ትምህርት ቤት ልጅ መጫወቻውን የሚማርበትም ቦታ ነበር። ዘፈኑን፣ የመዝሙር ክበቡን፣ የሰልፉን ቀልድ፣ ተረት የሚያውቀውን መምህር አብሮ አጥቷል። ዛሬ የ8 ዓመት ልጅ የሆነ የሐሙሲት ሕፃን የዛሬ 30 ዓመት እንቅልፍ እምቢ ሲለው ምን ከፍቶ ያዳምጣል?

ሌላው ዓለም ለዚህ ጥያቄ ገንዘብ መድቦለታል። ከሶርያ ጦርነት ለተፈናቀሉ ሕፃናት ሲባል የአሜሪካው ማካርተር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ለሰሰሚ ወርክሾፕና ለዓለም አቀፉ የነፍስ አድን ኮሚቴ 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል፤ “አህላን ሲምሲም” የተባለው የአረብኛ የልጆች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 መታየት የጀመረው በዚሁ ነው። ፕሮግራሙ ከፊደልና ከቁጥር በፊት የመረጠው ትምህርት ልጅ ሲፈራ፣ ሲናደድ፣ ሲናፍቅ ምን እንደሚያደርግ ማሳየትን ነው። እኛ 100 ሚሊዮን የለንም። ያለን ግን ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በሬድዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር፤ ይቻላል ማለት ነው። ባሕር ዳር ላይ መቀመጫውን ያደረገ፣ ሬድዮና ቴሌቪዥን ያለው የክልል ሚዲያ አለ። ስለ ግጭቱ ሁለቱ ወገኖች የሚሉት ብዙ ነው፤ በቀን 20 ደቂቃ ለልጅ ተረት መንገር ግን የየትኛውንም ወገን አቋም የሚነካ አይመስለኝም። (ተረት ሰው እንዳሰናበተ አልረሳሁም።)

ሌላም ያለን ነገር አለ፤ እሱም እየተበላሸ ነው። የአባባ ተስፋዬን ከ40 ዓመት በላይ ሥራ ዛሬ የምናገኘው በአብዛኛው ግለሰቦች ከቪዲዮ ካሴት ገልብጠው በለቀቁት ቁርጥራጭ ነው። ምስሉ ይርገበገባል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። አንድ ሕዝብ በክፉ ቀኑ የሚጠጋበት ነገር በግለሰብ ቸርነትና በሐሙሲት አንድ ላፕቶፕ ላይ መንጠልጠሉ ያሳዝናል። የቴሌቪዥን ጣቢያው በመዝገብ ቤቱ ያለውን ገልብጦ፣ አጽድቶ ለሕዝብ ቢለቅ፣ ከብዙ የስነ ልቡና ሥልጠና የበለጠ ሰው ይጠቅም ይሆናል። የአሮጊቷን እንቆቅልሽ የሚቀርጽማ ጭራሽ የለም፤ እሳቸውም 80 ዓመት አልፏቸዋል።

መንገዱ በአምስተኛው ቀን ተከፈተ። ስወጣ ወደ ቆርቆሮው ሱቅ ጎራ ብዬ ያንኑ ፋይል አስጫንኩ። ልጁ ሂሳቡን ተቀበለኝና፣ ሰሞኑን ለእሱም እየጣመው እንደሆነ ነገረኝ፤ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ይከፍተዋል፣ የጎረቤት ልጆችም በሩ ላይ ይቆማሉ። ደፍ ማለፍ ግን ይፈቅድላቸዋል።